ስልኬ ይበላሻል ሳይሉ መለማመድ፦ በኮምፒውተር ውስጥ የሚከፈት አንድሮይድ



ብዙ እናቶችና አባቶች ስልካቸውን የሚጠቀሙት ለመደወልና ለማንሳት ብቻ ነው። ሌላውን እንዳይነኩ የሚይዛቸው «ብነካው ይበላሽብኛል» የሚል ስጋት ነው። ስለዚህ የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ ወይም የባንክ መልእክት ሲመጣ ስልኩ ለልጅ ልጅ ይሰጣል፤ ከስልኩ ጋር የራስ ምስጢርም አብሮ ይሄዳል። ይህን ስጋት የሚያቃልል አንድ ዘዴ አለ።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንወቅ። «ኦፕሬቲንግ ሲስተም» ስልኩን የሚያሠራው ዋናው ፕሮግራም ነው። የአይፎኑ «አይኦኤስ» ይባላል፤ የሳምሰንግ፣ የሻኦሚና የብዙ ሌሎች ስልኮች ደግሞ «አንድሮይድ» ነው። «ቨርቹዋል ማሽን» ማለት በኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። በእጅ አይጨበጥም፤ ግን የራሱ ዲስክ እንዳለው ሆኖ ይሠራል። በውስጡ የተሰረዘውም የተበላሸውም እዚያው ይቀራል። እንደ ጥቁር ሰሌዳ ቁጠሩት፦ የተሳሳተው ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል፤ ደብተሩ ንጹሕ ነው።

ምን ያስፈልጋል? 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተርና ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች። አንደኛው ቨርቹዋል ማሽኑን የሚፈጥረው «ቨርቹዋልቦክስ» ነው። ሁለተኛው «አንድሮይድ-ኤክስ86» ይባላል፤ ለስልክ የተሠራው አንድሮይድ በተራ ኮምፒውተር እንዲሠራ ተስተካክሎ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱንም ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ።

መጫኑን ኮምፒውተር ለሚያውቅ ልጅ ተዉት። ሦስት ነገር ንገሩት፦ የማሽኑ ዓይነት ሲጠየቅ «ሊኑክስ» ይምረጥ፣ አንድሮይድ የተገነባው በሊኑክስ ላይ ነውና፤ ለማሽኑ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይስጠው፤ ሲጨርስ ደግሞ «ስናፕሾት» ያንሳ። ስናፕሾት ማሽኑ በዚያች ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል። በኋላ ምንም ቢዘበራረቅ ወደዚያው ይመልሳችኋል።

ከዚያ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ማውሱ እንደ ጣታችሁ ነው። በእነዚህ ጀምሩ፦

1. ከቅንብሮች ውስጥ ማሳያ የሚለውን ከፍታችሁ ፊደሉን አተልቁት።

2. ስርዓት፣ ቀጥሎ ቋንቋዎች የሚለውን ክፈቱና አማርኛን ጨምራችሁ ከዝርዝሩ አናት ላይ አድርጉት።

3. አሁን ሆን ብላችሁ ወደ ዕብራይስጥ ቀይሩት። ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፤ የመመለሻው ቀስትም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ። በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስለሚጻፍ «አማርኛ» የሚለውን ቃል በማንኛውም ቋንቋ መካከል ታገኙታላችሁ።

ይህን ሦስት አራት ጊዜ ያደረገ ሰው፣ ስልኩ አንድ ቀን በማያውቀው ቋንቋ ቢመጣበት አይደነግጥም።

ጥንቃቄውም ይኸው። ማሽኑ ሲም ካርድ የለውም፤ ስለዚህ አይደውልም፣ በስልክ መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም አይደርሰውም። ለልምምድ ነውና የመታወቂያ ቁጥራችሁን፣ የባንክ ምስጢር ቁጥራችሁን አትጻፉበት። መጀመሪያ ላይ የጉግል አካውንት ቢጠይቃችሁ እለፉት፤ ቅንብሮቹን ለመለማመድ አያስፈልግም። አንድሮይድ-ኤክስ86 የሚሰጠው አንድሮይድ ከዛሬዎቹ ስልኮች የቆየ ስለሆነ አንዳንዱ ቁልፍ በእናንተ ስልክ ላይ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ የአፈላለጉ መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው።

ልጆቻችሁን አንድ ነገር ለምኑ፦ ስትለማመዱ ማውሱን ከእጃችሁ አይውሰዱ። ጎናችሁ ተቀምጠው ይንገሩ፣ የምትጫኑት እናንተ ሁኑ። እጅ የሚለምደው ሲሠራ እንጂ ሲያይ አይደለም።