ስለ ፀሐይና ስለ ጥላ፤ ወደ ሰሜን አገር ለምትሄዱ

ከመካከላችን ለትምህርት ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይ ወይም ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። ካፖርት ይገዛል፤ ሹራብ ይሠራለታል፤ ዘመድም «እንዳይበርድህ» እያለ ይሸኘዋል። ስለ ፀሐይ ግን የሚመክረው የለም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት በጥቂቱ መሙላት ነው።

ሰውነታችን ካልሲየምን ከምግብ ወስዶ አጥንትን እንዲያጸና ቪታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ይህ ቪታሚን ከሌሎቹ የሚለየው ከማዕድ ይልቅ በፀሐይ የሚገኝ በመሆኑ ነው፤ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ባልተሸፈነ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ራሱ ይሠራዋል። በ1919 እ.ኤ.አ. ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም አጥንታቸው የለሰለሰ ሕፃናትን በዚህ ጨረር መብራት መፈወሱን ገለጠ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ኤድዋርድ ሜላንቢ በቡችሎች ላይ ሞክሮ የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት በሽታውን እንደሚከላከል አሳየ።

«በስዊድንስ ፀሐይ የለችም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለች፤ ነገር ግን ዝቅ ስትል ጨረሩ በአየር ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚረዝም በመንገድ ይቀራል። ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መለኪያ ጥላ ነው፤ አባቶቻችንም ሰዓትን የሚያውቁት ጥላን በጫማ እየለኩ ነበር። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ይደርሳችኋል፤ እጅግ ከረዘመ ግን የምታገኙት ብርሃን እንጂ ቪታሚን አይደለም። ታኅሣሥ 12 ቀን በቀትር አዲስ አበባ ላይ የቆመ ሰው ጥላው የቁመቱን ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። በዚያው ቀን ስቶክሆልም ላይ የቆመ ሰው ጥላው የቁመቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ቀኑም ከስድስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። በመስኮት አጠገብ መቀመጥም አይረዳም፤ መስተዋት ይህን ጨረር ያስቀረዋል።

ነገሩ ለእኛ ይበልጥ የሚጠነክርበት ምክንያት አለ። ጥቁር ቆዳ በሐሩር አገር ጋሻ ነው፤ በሰሜን ግን ያንኑ ቪታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ካገር ቤት ይዘነው የሄድነው ስንቅ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም። ደግሞም ጾመ ነቢያት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና፣ ጨለማው በጸናበት ወቅት ይውላልና ለጾመኛው ወተትና እንቁላል ይቀራሉ። ተሸፋፍና የምትሄድ እኅታችንም በበጋ እንኳ የምታገኘው ጨረር ጥቂት ነው።

ጉድለቱ ሲበረታ ወገብና ጭን ይጠዘጥዛሉ፤ ጡንቻ ይደክማል፤ ደረጃ መውጣት ያስቸግራል። ተማሪው ግን «ናፍቆት ነው» ብሎ ይተወዋል። በእርግጥ ናፍቆት ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የቪታሚኑን ጉድለት የሚለየው ግን የደም ምርመራ ስለሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

መድኀኒቱ ውድ አይደለም። የእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች በመጸውና በብርዱ ወራት ሁሉም ሰው በቀን 10 ማይክሮግራም፣ ማለት 400 ዩኒት፣ ቪታሚን ዲ እንዲወስድ ያሳስባሉ፤ ቆዳችን የጠቆረውን ደግሞ ዓመቱን በሙሉ እንድናስብበት ይመክራሉ። ዓሣ የሚበላ ሰው እንደ ሳልሞንና ሄሪንግ ካሉት ቅባታም ዓሦች ያገኘዋል። ጾመኛው ከእርሾ ወይም ከእንጉዳይ የተሠራውን ዲ2 ጠይቆ መግዛት ይችላል። ሆኖም «ብዙ ቢወስዱት ብዙ ይጠቅማል» ማለት ስሕተት ነው፤ ሐኪም ሳያዝ በቀን ከ100 ማይክሮግራም በላይ መውሰድ በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሻንጣችሁን ስታሰናዱ ለካፖርቱ ያሰባችሁትን ያህል ለአጥንታችሁም አስቡ። እዚያም ስትደርሱ በቀትር አንድ ጊዜ ወጣ ብላችሁ ጥላችሁን ተመልከቱ።