የ4,294,967,297 ታሪክ

በርእሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለተመለከተ ሰው ምንም ልዩ ነገር ያለበት አይመስልም። ነገር ግን አንዱን የሒሳብ ሊቅ ያሳሳተ፣ ሌላውን ያስመሰገነ ቁጥር ነውና ታሪኩን ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ብቸኛ ቁጥር ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ይባላል። 2፣ 3፣ 5፣ 7ና 11 እንደዚህ ያሉ ናቸው።

ፒየር ደ ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ ሥራው ሕግ ሲሆን በሒሳብ ዕውቀቱ እጅግ የታወቀ ሰው ነበር። አንድ 2 ወስደን 1 ብንጨምርበት 3 ይሆናል፤ ሁለት ሁለቶችን አባዝተን 1 ብንጨምር 5፣ አራት ሁለቶችን አባዝተን 1 ብንጨምር 17 እናገኛለን። በ8ና በ16 ሁለቶችም እንዲሁ ብናደርግ 257ና 65,537 ይመጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ስለዚህ ፌርማ በ1640 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር፣ ከ32 ሁለቶች የሚገኘው 4,294,967,297ም ሆነ ከርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልሸሸገም።

እስቲ እንመርምረው። የመጨረሻው አኃዝ 7 ስለ ሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም። አኃዞቹ ቢደመሩ 59 ስለሚሆኑ በ3ም አይካፈልም። በዚህ ዐይነት እስከ 65,536 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ለመሞከር 6,542 ጊዜ ማካፈል ሊያስፈልግ ነው!

በ1732 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሌዮናርድ ኦይለር፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቁጥሩ በ641 እንደሚካፈል አስታወቀ። መንገዱንም ኋላ ገለጠው፤ ይህ ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈልበት ማናቸውም ብቸኛ ቁጥር፣ የ64 ብዜት ላይ 1 ተጨምሮበት የሚገኝ መሆን አለበት። ከ65 ጀምረን 64 እየጨመርን ስንሄድ ብቸኛ ያልሆኑትን ብንተው 193፣ 257፣ 449፣ 577ና 641 ይቀራሉ። በአራቱ ስናካፍል ቀሪ ይተርፋል፤ በአምስተኛው ግን ምንም አይተርፍም። ውጤቱም 6,700,417 ነው። የተጠራጠረ ይህን በ600፣ በ40ና በ1 አባዝቶ ይደምር፤ እኔም በደብተሬ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ቁጥራችን ጎዶሎ ነው፤ ብቸኛ ግን አይደለም፤ የሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ነው። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 641ና 6,700,417 ሲደመሩ 6,701,059 ብቻ ስለሚሆኑ፣ እንደ 6 (1+2+3=6) ፍጹም ከሚባሉት ቁጥሮች ሊመደብ አይችልም።

ከፌርማ ቁጥሮች መካከል ከአምስቱ ሌላ ብቸኛ የሆነ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! አምስት ምሳሌ ስለ ተስማማ ስድስተኛው ይስማማል ማለት አይደለም። የተናገረው ሰው ታላቅ ቢሆንም እንኳ እርሳስና ወረቀት አንሥተን እንመርምር።