ከአረብ ብረት ቀለበት እስከ ሙሽራ ቬሎ፦ የቀሚስን ቅርጽ የሚሸከሙ ፈጠራዎችና ሳይንሳቸው

የሠርግ ወቅት በሚደራባቸው በጥርና በሚያዝያ ወራት ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት ከተሞች፣ ማለትም ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦና ጉደር፣ በአበባ በተሸለሙ የሙሽራ መኪኖች ይደምቃሉ። ሙሽራዋ ቬሎ የለበሰች እንደሆነ ቀሚሷ ብዙውን ጊዜ ከወገቧ በታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ እግሯን ሳይነካ ክብ ሆኖ ይታያል። ጨርቅ በተፈጥሮው ወደ መሬት የሚንጠለጠል ነገር ነው። ታዲያ ይህን ቅርጽ ማን ሸከመለት? መልሱ ከቬሎው ሥር በሚለበሰው፣ በቀለበት በቀለበት ሽቦ በተሰካበት የውስጥ ጉርድ ላይ ይገኛል። ይህ ቀላል መሣሪያ ከ160 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ከብረታ ብረት ሳይንስ፣ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። ታሪኩ የብዙ ሴቶችን ሕይወት ያሳጣ አደጋንም ይጨምራል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨርቅ ለምን ድጋፍ ያስፈልገዋል?

እንደሚታወቀው አንድ ቁራጭ ጨርቅ በሁለት ጫፉ ይዘን ብንስበው ይቋቋመናል፤ ብንገፋው ግን ወዲያውኑ ይታጠፋል። በሳይንሱ አነጋገር ጨርቅ ስበትን የመቋቋም አቅም ሲኖረው፣ ግፊትንና ጉብጠትን የመቋቋም አቅሙ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሊቆም አይችልም።

የሀገራችን ባህላዊ ቀሚስ ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ ጋር አይጣላም። ሰፊው የጥጥ ጨርቅ በነጻነት ይወርዳል፤ በወገብ ላይ የሚታሰረው መቀነት፣ በአፋን ኦሮሞ «ሰባታ» የሚባለው፣ ሰብስቦ ይይዘዋል፤ በጫፉ ላይ ያለው ጥልፍ ደግሞ ክብደት ጨምሮለት ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል። ቅርጹን የሚሰጡት የጨርቁ ስፋት፣ መቀነቱና የመሬት ስበት ናቸው። የአውሮፓ መኳንንት ሴቶች ፋሽን ግን ለብዙ ዘመናት ስበትን የሚቃወም ቅርጽ ሲፈልግ ኖሯል። ለዚህም ከጨርቁ ሥር ጉብጠትን የሚቋቋም ሌላ ቁስ ማስገባት ግድ ሆነ።

ከቀንበጥ እስከ ፈረስ ጭራ

የመጀመሪያው ታዋቂ መፍትሔ የተገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በስፔን ነው። በጉርዱ ዙሪያ ከላይ እስከ ታች እየሰፉ የሚሄዱ ተጣጣፊ የዛፍ ቀንበጦች ይሰፉበት ነበር፤ የልብሱም ስም «ቨርዱጋዶ» የመጣው ለምለም ቀንበጥ ከሚለው የስፔንኛ ቃል ነው። በኋላ ቀንበጡ በዓሣ ነባሪ «አጥንት» ተተካ። ይህ ነገር ስሙ አጥንት ይባል እንጂ በእርግጥ አጥንት አይደለም፤ ዓሣ ነባሪው ከባሕር ውኃ ምግቡን ከሚያጣራበት የአፉ ክፍል የሚወሰድ፣ እንደ ጥፍራችንና እንደ በሬ ቀንድ ከኬራቲን ፕሮቲን የተሠራ ቁስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ቀሚስን በግራና በቀኝ ብቻ የሚያሰፋ ድጋፍ በቤተ መንግሥቶች ተለመደ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ማለትም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ሰፊ ቀሚስ እንደገና ፋሽን ሲሆን ሴቶች የውስጥ ጉርዶችን በላይ በላይ መደረብ ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ ከፈረስ ጭራና ከተልባ ክር የተሸመነ ጠንካራ ጨርቅ ነበር። «ክሪኖሊን» የሚለው ስምም ከእነዚህ የሁለቱ ቁሳቁሶች መጠሪያ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ የድርቡ ክብደት በወገብ ላይ ያርፋል፤ ጨርቁም እግርን እየጠለፈ መራመድን ያስቸግራል።

1856፦ የብረት፣ የቀለምና የቀሚስ ዓመት

በ1856 ሚሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከአረብ ብረት ቀለበቶች የተሠራ የክሪኖሊን ጎጆ በፓሪስ አስመዘገበ። ቀለበቶቹ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ሆነው ከወገብ በሚወርዱ የጨርቅ ጥብጣቦች ይያያዛሉ። እዚህ ላይ የሥራ ክፍፍል መኖሩን ልብ ይሏል፦ ጥብጣቦቹ ስበትን ይሸከማሉ፤ ቀለበቶቹ ጉብጠትን ይቋቋማሉ። ብዙዎቹ ጎጆዎች ክብደታቸው ከ1 ኪሎግራም በታች ስለነበር በርካታ ድርብ ጉርዶችን በአንድ ጊዜ ተኩ፤ እግርም ነጻ ሆነ።

በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሰመር አረብ ብረትን በርካሽና በብዛት የማምረቻ ዘዴውን ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት የ18 ዓመቱ ተማሪ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲሞክር የመጀመሪያውን ዝነኛ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ሰፊው ቀሚስ ለአዲሱ ቀለም ሰፊ ሰሌዳ ሆነለት። አይዛክ ሲንገር በ1851 ያስመዘገበው የስፌት መኪና፣ ስሙ በእኛም የልብስ ሰፊዎች ዘንድ የታወቀው፣ በዚህ ጊዜ እየተስፋፋ ነበር። ክሪኖሊን ከመኳንንት አልፎ በፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ዘንድ ሊደርስ የቻለው በእነዚህ ሁሉ መገጣጠም ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዙ ሁለት ስሞች ለአንባብያን አዲስ አይሆኑም። በሼፊልድ አቅራቢያ የብረት ፋብሪካ የነበረው ሳሙኤል ፎክስ በ1852 ቀላልና ጠንካራ የጃንጥላ አጥንት የሠራ ሲሆን፣ ፋብሪካው የክሪኖሊን ሽቦም አምርቷል። በክረምት በእጃችን የምንይዘው ጃንጥላና የሙሽራዋ ቀሚስ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። በመንገዶቻችን ለብዙ ዓመታት የምናውቃት የፔጆ መኪና አምራች ቤተሰብም መኪና ከመሥራቱ በፊት መጋዝ፣ የቡና መፍጫና የክሪኖሊን ብረት ይሠራ ነበር።

ጊዜው በእኛ ሀገር አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት (ከ1855 እስከ 1868) ነበር። የክሪኖሊን ገናና ዘመንም ከዚህ ጋር የተቀራረበ ነው።

ለምን አረብ ብረት? ትንሽ ስሌት

የታችኛው ቀለበት ዙሪያ እስከ 5.5 ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። ይህን ለ3.14 ስናካፍል የቀለበቱ ዲያሜትር 1.75 ሜትር ይሆናል። የቀለበቱ ውፍረት ለምሳሌ 0.5 ሚሊሜትር ይሁን። አንድ ቀጥ ያለ ስስ ብረት ሲጎብጥ በውጭ ገጹ ላይ የሚደርሰው አንጻራዊ መለጠጥ (ስትሬን) ውፍረቱ ለጉብጠቱ ዲያሜትር ሲካፈል ነው፤ ማለትም 0.0005 ሲካፈል ለ1.75፣ ወደ 0.00029 ገደማ። የአረብ ብረት የመለጠጥ ልኬት ወደ 200,000 ሜጋፓስካል ስለሆነ በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጫና (ስትሬስ) 57 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ይህ ትንሽ ነው።

ሴትየዋ በጠባብ በር ስትገባ ወይም ስትቀመጥ ግን ቀለበቱ ይጨመቃል። በአንድ ቦታ ላይ የጉብጠቱ ዲያሜትር ወደ 20 ሴንቲሜትር ቢወርድ ጫናው 500 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ተራ ለስላሳ ብረት በ250 ሜጋፓስካል አካባቢ ለዘለቄታው ስለሚጣመም ቀሚሱ ተቀያይሞ ይቀራል። ተግሎ በፍጥነት የቀዘቀዘና እንደገና በመጠኑ የተሞቀ የስፕሪንግ ብረት ግን ከ1,000 ሜጋፓስካል በላይ ሊቋቋም ስለሚችል ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የፈጠራው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፦ ተፈላጊው ቁስ የማይጎብጥ ሳይሆን ጎብጦ የሚመለስ ነው።

በ1860ዎቹ መጨረሻ የቀሚሱ ፊት ጠፍጣፋ እየሆነ ሄዶ ስፋቱ ወደ ኋላ ዞረ። ከወገብ በስተኋላ የሚታሰር «በስል» የተባለ ድጋፍ ተተካ፤ ሙሉ ቀለበት ቀርቶ ግማሽ ቀለበት ሆነ። በ1880ዎቹ ሲቀመጡ የሚታጠፍ፣ ሲነሡ የሚዘረጋ ባለ ማጠፊያ በስል ተሠራ። በ1881 በለንደን የተቋቋመ የልብስ ማሻሻያ ማኅበር ደግሞ የሴት የውስጥ ልብስ በጠቅላላ ከ3.2 ኪሎግራም ገደማ እንዳይበልጥ ጠየቀ። ክርክሩ የውበት ብቻ ሳይሆን የጤናና የመንቀሳቀስ ነጻነት ጥያቄም ነበር።

ጎጆው የእሳት ማንደጃ ሲሆን

የዚህ ፈጠራ ጨለማ ገጽታ እሳት ነው። በ1861 የአሜሪካዊው ባለቅኔ የሎንግፌሎ ባለቤት ፋኒ ቀሚሷ በእሳት ተያይዞ ሞተች። በታኅሣሥ 1863 በሳንቲያጎ፣ ቺሊ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ከ2,000 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ ሰፋፊ ቀሚሶቻቸውም መውጣቱን አስቸጋሪ እንዳደረጉት ተነግሯል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንደኛ፣ የቀሚሱ ጫፍ ከሰውነት ርቆ ስለሚቆም ለባሿ የእሳቱን ሙቀት የምታውቀው ከተቀጣጠለ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ጎጆው በውስጡ አየር ይይዛል። ዲያሜትሩ 1.75 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ሾጣጣ ቅርጽ 800 ሊትር ገደማ ይዘት ሲኖረው፣ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ሦስተኛ፣ ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀሚሱ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ከሥር አዲስ አየር ይስባል። ነበልባሉም ገና ያልተቃጠለውን የላይኛውን ጨርቅ አስቀድሞ ያሞቀዋል።

የቁሱም ባሕርይ ወሳኝ ነው። ጥጥ ለመንደድ በዙሪያው ካለው ጋዝ ውስጥ 18 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይበቃዋል፤ ሱፍ ግን ወደ 25 በመቶ ይፈልጋል። ስለዚህ በተራ አየር ውስጥ ጥጥ በቀላሉ ሲነድ ሱፍ እምብዛም ነው።

ኬሚስቶች ለዚህ መፍትሔ አልጠፋባቸውም ነበር። ፈረንሳዊው ጌይ-ሉሳክ ጨርቅን በአሞኒየም ፎስፌት መፍትሔ ውስጥ መንከር እሳትን እንደሚከላከል በ1821 አሳይቷል። ጨው ሲሞቅ ፎስፈሪክ አሲድ ይሰጣል፤ አሲዱም የጥጡን ሴሉሎስ ወደሚነድ ጋዝ ሳይሆን ወደ ከሰልና ውኃ እንዲለወጥ ያደርገዋል። ሆኖም ጨዉ በእጥበት ይለቃል፤ ጨርቁንም ያደርቃል፣ ያደበዝዛል። የፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኛ ኤማ ሊቭሪ በዚህ ምክንያት እሳት መከላከያ የተነከረ ልብስ አልለብስም ብላ በ1862 በመድረክ መብራት ተቃጠለች፤ በቀጣዩ ዓመትም አረፈች። አንድ ፈጠራ በቤተ ሙከራ መሥራቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ በተጠቃሚው ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት እንዳለበትም ከዚህ እንማራለን።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

የዛሬው ቬሎ በአብዛኛው ከፖሊስተርና ከናይሎን የተሠራ ነው። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቃጠላል። በሠርግ ቤት ደግሞ ሻማ፣ የቡና ከሰልና የማብሰያ እሳት አይጠፋም። ከሠርግ ውጭም በሦስት ጉልቻ ላይ ሰፊ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው የሚያበስሉ እናቶቻችንና እኅቶቻችን፣ እንዲሁም በቤተ ሙከራ መብራት ፊት የሚሠሩ ተማሪዎች፣ ለዚሁ የፊዚክስ ሕግ የተጋለጡ ናቸው።

ስለዚህ እሳት ባለበት ሁሉ የነጠላና የቀሚስ ጫፍ ይሰብሰብ፤ ሽቦ ያለው ቬሎ ከሻማና ከከሰል ይራቅ። የሰው ልብስ ቢያያዝ ሰውየው አይሩጥ፤ ሩጫ አየር ይጨምራልና። መሬት ላይ ተኝቶ ይንከባለል፤ ሽቦው አየር ይዞ ስለሚያስቸግር ግን በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ አጥብቆ መጠቅለል ይረዳል። ከዚያም የተቃጠለውን ክፍል ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማቀዝቀዝና ወደ ሕክምና ማድረስ ይገባል። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ አይላጥ፤ ቅቤና የጥርስ ሳሙና አይቀባ።

ክሪኖሊንን የሠሩ ሰዎች የቅርጽን ጥያቄ በሚገባ መለሱ፤ የእሳትን ጥያቄ ግን ብዙ ሴቶች በሕይወታቸው ከፈሉበት። በጨርቃ ጨርቅ፣ በኬሚስትሪና በቁሳቁስ ምሕንድስና ለመሠማራት የምታስቡ ተማሪዎች ይህን የቤት ሥራ አድርጋችሁ ውሰዱት፦ በእጥበት የማይለቅ፣ ዋጋው ለገጠር ቤተሰብ የሚቀመስና የጥጡን ልስላሴ የማያጠፋ እሳት መከላከያ በሀገራችን ጥጥ ላይ እንዴት ሊሠራ ይችላል?