ከሣር ክዳን እስከ ስቱዲዮ

የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ ሕንፃ የሚነድፍ አርክቴክት፣ ማለትም የሥነ ሕንፃ ባለሙያ፣ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ መጨነቅ ስላለበት፣ በጣና ዳርቻ በገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ወደዚህ ሙያ ሲገባ ባዶ እጁን አይመጣም። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ በሣር ክዳን ሥር ወግ ሳይቋረጥ ይመሻል፤ ቤቱ በቆርቆሮ ሲከደን ግን ጎን ለጎን የተቀመጡትም ለመደማመጥ ይጮኻሉ። ሣሩ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ የጠብታውን ምት ውጦ ያስቀራል፤ ስሱ ብረት ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል።

ድምፅን መምጠጥና ድምፅን ማገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። መምጠጥ በክፍሉ ውስጥ የተነገረው ቃል እንደ ገደል ማሚቶ እንዳይመለስ ማድረግ ሲሆን፣ ለዚህ ልስልስና ቀዳዳ የበዛበት ነገር ይበቃል፤ ማገድ ግን የውጭውን ጫጫታ መከልከል ስለሆነ ክብደት ይፈልጋል። የግድግዳው ክብደት በእጥፍ ቢያድግ እንኳ የሚገኘው ጥቅም በግምት 6 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ በመሆኑ፣ ግድግዳ ማወፈር ብቻውን ወጪውን አብዝቶ ችግሩን አይፈታም። የተሻለው ዘዴ ስቱዲዮውን በሌሎች ክፍሎች መክበብ ነው።

ይህን አደረጃጀት በዚያው በጣና ዳርቻ፣ በዘጌ ያደገ ልጅ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያውቀዋል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ በመካከል ደግሞ አራት ማዕዘን መቅደስ አለው፤ አከፋፈሉ ለአምልኮ ሥርዓት እንጂ ለድምፅ ተብሎ ባይሆንም፣ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር የውጩ ዓለም ይርቃል። ጆርጅ ቫል ማየር ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1932 ለንደን ውስጥ የተከፈተው የቢቢሲ ብሮድካስቲንግ ሐውስም ስቱዲዮዎቹን በወፍራም የጡብ ግንብ መካከል አኑሮ፣ ዙሪያውን ያሉትን ቢሮዎች የመንገዱ ጫጫታ መከላከያ አድርጓቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ መወሰድ የሌለበት ክቡ ቅርጽ ነው፤ ወደ ውስጥ የጎበጠ ግድግዳ ድምፅን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚሰበስብ ማይክሮፎኑን ያሳስታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣ በእንግድነት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ለአገሩ ልጆች የግንባታን ሙያ በትምህርት የሚያገኙበትን በር ከፈተ፤ የገበሬ ልጅ የጆሮ ትዝታም ወደ ስሌት የሚለወጠው እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ነው።

የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫ በሆነችው ባሕር ዳር ሙቀቱም ሌላ ፈተና ነው። መስኮት የሌለው ስቱዲዮ በመብራቶቹ ይግላል፤ ቀዝቃዛ አየር በጠባብ ቱቦ በኃይል ሲገባ ደግሞ ያፏጫል። ስለዚህ ቱቦው እንዲሰፋ፣ አየሩም የምድጃ ጭስ በሣር ክዳን ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ሾልኮ እንደሚወጣ ሁሉ በዝግታ እንዲፈስ ይደረጋል።