ውዝፍ ደመወዝና የሴፍቲኔት መዝገብ

መንግሥት ደመወዝ ጨመረ በተባለ ቁጥር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጡት ሰፈሮች ለሚኖር የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ዜናው ደስታም ስጋትም ነው። አንዲት እናትና ልጇን እናስብ፤ ልጅየዋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፅዳት ሠራተኛ ናት፤ እናትየው ደግሞ በሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የልጅቷ ደመወዝ ሲያድግ የእናትየው ስም ከመዝገቡ ይሰረዝ ይሆን? ስጋቱ የሚብሰው ጭማሪው ዘግይቶ፣ ያለፉት ወራት ውዝፍ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ባንክ ሲገባ ነው።

የቅርቡን ብናስታውስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ መንግሥት የደመወዝ ማስተካከያ አደረገ። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ላይኛው እርከን ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ነበር ያደገው። ጭማሪው ከጥቅምት 2017 ጀምሮ እንዲታሰብ ቢባልም ብዙ ሠራተኛ እጅ የገባው ዘግይቶ ነው። በ2018 መግቢያ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆነ።

የፅዳት ሠራተኛዋን ሒሳብ እናስላው። የሁለት ወር ውዝፍ ከሦስተኛው ወር ደመወዝ ጋር ደረሳት እንበል። በየወሩ የተጨመረላት 3,260 ብር ነው፤ የሁለት ወሩ 6,520 ይሆናል። ከ4,760 ጋር ሲደመር በዚያ ወር ደሞዝ ወረቀቷ ላይ 11,280 ብር ይነበባል። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር መጣኔ፣ ሒሳብ ክፍሉ ውዝፉን ለየወሩ ከፋፍሎ ካሰላው የሁለቱ ወራት ጭማሪና የዚያ ወር ደመወዝ የሚያስከፍለው ግብር 1,768 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሁሉንም የአንድ ወር ገቢ አድርጎ ካሰላው ግን እስከ 35 በመቶው መደብ ይወጣና 2,448 ብር ይሆናል። ገንዘቡ ያው ነው፤ የ679 ብር ከ50 ሳንቲሙን ልዩነት የፈጠረው ክፍያው የተጻፈበት ወር ብቻ ነው። ከደመወዙ ላይ ደግሞ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። የቀረውም ገና ሳይደርስ በሱቅ ዱቤ ተበልቶ ያለቀ ገንዘብ ነው።

ወደ እናትየው እንምጣ። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር መድበውለት 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ታቅዶ ነበር። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ይሰማራል፤ ከሚያገኘውም 20 በመቶውን ይቆጥባል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና መሥራት የማይችሉ ሕመምተኞች ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ምልመላው በደሞዝ ወረቀት ብቻ የሚካሄድ አይደለም። መጀመሪያ የሰፈሩ ኮሚቴ ከነዋሪው ማን ይበልጥ እንደተቸገረ ይለያል። ቀጥሎ የቤቱ ሁኔታ፣ ያለው ንብረት፣ የቤተሰቡ ብዛትና የመሳሰለው ተመዝግቦ የኑሮ ደረጃው በግምት ይሰላል። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለውም ያቀርባል። ይህ አሠራር የግድ ነው፤ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ እናት የምታሳየው የደሞዝ ወረቀት የላትምና።

እናም ውዝፉ በገባበት ወር የእናትየው ድጋፍ በራሱ ጊዜ አይቀነስም፤ ደመወዝ ከፋዩን ከሴፍቲኔቱ መዝገብ ጋር በየወሩ የሚያስተሳስር ሥርዓት የለም። አደጋው ያለው መዝገቡ እንደገና ሲጣራ ነው። «ልጇ አሥራ አንድ ሺህ ትቀበላለች» የሚል ወሬ ኮሚቴው ዘንድ ከደረሰ፣ የአንድ ወር ክምችት የዘወትር ገቢ መስሎ ሊታይ ይችላል። የዘወትሩ ግን ከግብርና ከጡረታ በኋላ 3,777 ብር ገደማ ነበር።

ለንደን ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የእንግሊዝ ድጎማ ገቢን ከግብር መሥሪያ ቤቱ በየወሩ ተቀብሎ፣ ነፃ የተደረገ የገቢ መጠን ለሚፈቀድለት ከዚያ በላይ፣ ለሌላው ከመጀመሪያው ፓውንድ ጀምሮ፣ ከእያንዳንዱ የተጣራ ፓውንድ 55 ፔንሱን ከድጎማው ይቀንሳል። የሆስፒታል ሠራተኞች ጭማሪ ወደኋላ ተመልሶ ሲከፈል ውዝፉ የሚቆጠረው በተሠራበት ወር ሳይሆን በተከፈለበት ወር ነው። የዚያ ወር ድጎማ ባዶ ሊሆን፣ ከድጎማው ጋር ተያይዘው የሚገኙ ሌሎች ጥቅሞችም ሊቋረጡ ይችላሉ። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ ግን ፍትሐዊ አላደረገውም። የእኛ ኮሚቴ ቢያንስ ሰው ነው፤ ሊጠይቁትና ሊያስረዱት ይቻላል።

ጭማሪው የልጅቷን ኑሮ ሁሉ ቀለል አደረገው ማለትም አይቻልም። ሕክምናን እንውሰድ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተቋቋመው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነዋሪ ነው፤ አቅም የሌለውንም መንግሥት መዋጮውን ይሸፍንለታል። ደመወዝተኛው ይገባበታል የተባለው የማኅበራዊ ጤና መድን ግን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከታወጀ ወዲህ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስለዚህ ዝቅተኛው ደመወዝተኛ «ደመወዝ አለህ» እየተባለ ከአንዱ ይቀራል፤ ሌላው ደግሞ አልደረሰለትም። በእኔ እምነት ከውዝፉ ጉዳይ ይልቅ የሚያንገበግበው ይህ ነው።

ወደ ውዝፉ ስንመለስ፣ አሠራሩ እስኪስተካከል የሚደረግ አለ። ውዝፍ የደረሳችሁ፣ የትኛው ብር የየትኛው ወር እንደሆነ ከፋፍሎ የሚያሳይ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤታችሁ ሒሳብ ክፍል ጠይቁና ማጣራቱ ሲመጣ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የቤተሰባችሁ ስም ከተሰረዘም በዚያው ማስረጃ ቅሬታ አቅርቡ። የኮሚቴ አባላትም፣ ስም ከመሰረዛችሁ በፊት ገንዘቡ የስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ።