አራተኛው ቦይ

ጥርሱ ታክሞ ነበር። ሐኪሙ ከላይ ሰርስሮ ከፍቶታል፤ የታመመውን ነርቭ ጎትቶ አውጥቷል፤ ባዶ የቀረውን ቦይ አጥቦና ሞልቶ ደፍኖታል። ሕመምተኛውም አመስግኖ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከወራት በኋላ ግን ጉንጩ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ ተመለሰ። ነርቩ የወጣ ጥርስ እንዴት ያማል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የነበሩ የጥርስ ሐኪሞች ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበራቸውም።

መሣሪያ እንኳ የተገኘው በብዙ ልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሜይናርድ የሚባል የዋሽንግተን ሐኪም የሰዓት ሞላ ሞርዶ አቀጠነና ወደ ጥርስ ሥር የሚገባ ቀጭን መርፌ ሠራ። ከዚያ በፊት ወደዚያ ጠባብ ቦታ የሚደርስ ብረት አልነበረም ማለት ይቻላል። መርፌው ገባ፤ ነርቩን ይዞ ወጣ። ሕመሙ ግን በአንዳንድ ጥርሶች ላይ ደጋግሞ ይመለስ ነበር፤ በተለይ በላይኛው ትልቁ መንጋጋ ላይ።

በ1896 መጀመሪያ ተስፋ ብልጭ አለ። ሬንትገን የራጅ ጨረሩን ዜና ካሰማ ጥቂት ሳምንታት ብቻ እንዳለፉ፣ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ቫልክሆፍ የገዛ ራሱን መንጋጋ ለጨረሩ አቀረበ። ለአንዲት ምስል 25 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ቆየ። ከዚያ ወዲህ የጥርስን ሥር ሳይነቅሉ ማየት ተቻለ። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏቸው የነበሩ ሐኪሞች ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን ራጁ የሚያሳየው ጥላ ነው። ሁለት ነገሮች ፊትና ኋላ ሆነው ከቆሙ፣ በጥላው ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ። ይህች ትንሽ ጉድለት ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት እንደምታሳስት ያኔ ማንም አልጠረጠረም።

ትዕግሥት ያለቀበት ወገን ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። በ1910 ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሀንተር ሞንትሪያል ላይ ንግግር አደረገ፤ አፍ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ኢንፌክሽን የቀረውን አካል ይመርዛል ሲል የጥርስ ሐኪሞችን ሥራ ክፉኛ ነቀፈ። ሐሳቡ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሊድኑ ይችሉ የነበሩ እጅግ ብዙ ጥርሶች በጉጠት ተነቀሉ። ጥርስን የማዳን ሙያ ራሱ አደጋ ላይ ወደቀ፤ ሊያድነው የሚችለው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሥሩ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን ማየት።

ስዊዘርላንዳዊው ፕራይስቨርክ ቀድሞ ሞክሮት ነበር። በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት ወደ ተነቀለ ጥርስ አፍስሶ፣ ሲረጋ ጥርሱን በአሲድ አሟሟው። የብረት ቅርጽ እጁ ገባ። ሆኖም ብረቱ ወደ ደቃቁ ቦታ ሁሉ አልደረሰም። ጀርመናዊው ፊሸር ደግሞ ሴሉሎይድ በአሴቶን አሟሙቶ ሞላ፤ ቦዮቹ ቅርንጫፍ እንዳላቸውም አየ። ነገሩ ሰዎች ከገመቱት በላይ የተወሳሰበ መሆኑ ተጠረጠረ እንጂ ሙሉው ሥዕል ገና አልወጣም።

ሙሉውን ሥዕል ያወጣው ዙሪክ ውስጥ የሚሠራው ዋልተር ሄስ ነበር። የሚያስፈልገው ቁስ ደግሞ ሲሠራ ሲውል ከዓይኑ ሥር የማይጠፋ ነገር ሆኖ ተገኘ፦ ጎማ። በዚያ ዘመን የሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ የሚሠራው ከጎማ ነበር። ጥሬው ጎማ ለስላሳ ነው፤ ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ በተዘጋ ድስት ውስጥ እስከ 160 ዲግሪ ገደማ በእንፋሎት ሲበስል ግን ይጠነክራል። ድስቱም ጎማውም በየጥርስ ቤተ ሙከራው ሞልቶ ነበር። ይህ ለስላሳ ነገር በግፊት ወደ ጥርስ ሥር ቢገባና እዚያው ቢጠነክርስ?

ሄስ አንዱን ጥርስ ከፈተ፤ አጸዳ፤ ጎማውን በግፊት አስገባ፤ አበሰለው። ከዚያ ጥርሱን ጠንካራ አሲድ ውስጥ ነከረው። አሲዱ ነጩን አካል ቀስ በቀስ በላው። በዕቃው ውስጥ የቀረው፣ ሰዎች እንደሚጠብቁት አንድ ለስላሳ ዘንግ አልነበረም። ከአፈር እንደተነቀለ የሽንኩርት ሥር ጫፉ ላይ የተበተነ፣ ከጎን ደቃቅ ክሮች የወጡለት፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ዝቅ ብሎ እንደገና የተገናኘ ቅርጽ ነበር። ሁለተኛውም ጥርስ ተመሳሳይ ጉድ አወጣ። ሦስተኛውም።

አንድ ሰው በጥቂት ጥርስ ላይ ያየውን ማንም አይቀበለውም። ሄስም ይህን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ቀጠለ። ከልጆችም ከአዋቂዎችም የተነቀሉትን ጥርሶች ሰብስቦ ወደ 2,800 በሚጠጉት ላይ ያንኑ አድካሚ ሥራ ደገመው። የኔ አድናቆት ከቅርጾቹ ውበት ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ሺህ ጊዜ መክፈት፣ ሺህ ጊዜ መሙላት፣ ሺህ ጊዜ አሲድ ፊት መጠበቅ ቀላል አይደለም። ትዕግሥቱም ከንቱ አልቀረም። በልጅነት ሰፊና ባለ አንድ ክፍል የነበረው ቦይ፣ ዕድሜ ሲገፋ በውስጡ በሚያድገው የጥርስ አካል እየተከፋፈለ ብዙ ቦይ እንደሚሆን ያወቀው የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ጥርሶች ጎን ለጎን በማስቀመጡ ነው። ሥራው በ1917 በጀርመንኛ፣ በ1925 ደግሞ የሥራ ባልደረባው ኤርንስት ዙርሸር በወተት ጥርስ ላይ ካጠናው ጋር ተጣምሮ በእንግሊዝኛ ታተመ።

ግን ጎማው በግፊት የገባ ስለሆነ፣ ራሱ ጥርሱን ሰንጥቆ ያልነበረ መንገድ ቢከፍትስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሌላ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። ጃፓናዊው ኦኩሙራ በ1927 ባሳተመው ጥናት ቦዮቹን በጥቁር ቀለም ሞልቶ ጥርሶቹን በኬሚካል እንደ መስታወት ብርሃን አሳላፊ አደረጋቸው። በዚያ ጥርት ያለ አካል ውስጥ ጥቁሩ ቀለም የተጓዘበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ታየ። ቅርንጫፎቹ እዚያም ነበሩ።

እንግዲህ እውነቱ በመጽሐፍ ላይ ሰፈረ። ወደ ሕክምና ወንበሩ ለመድረስ ግን ገና አርባ ዓመት ይቀረው ነበር።

የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ሦስት ሥሮች አሉት፤ ሁለቱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል። ሦስት ሥር ሦስት ቦይ ነው ተብሎ ለብዙ ትውልድ ተማሪ ተነገረ። ነገር ግን በጉንጭ በኩል ያለው የፊተኛው ሥር ከጉንጭ ወደ ላንቃ የተዘረጋ ሰፊ ጠፍጣፋ ነው። ራጁ ደግሞ የሚነሳው ከዚያው ከጉንጭ በኩል ስለሆነ፣ በሥሩ ውስጥ ሁለት ቦይ ቢኖር አንዱ በሌላው ጥላ ይሸፈናል። በ1969 አሜሪካዊው ፍራንክሊን ዋይን ከባልደረቦቹ ጋር 208 ጥርሶችን ወስዶ ይህን ሥር ቆርጦ መረመረ። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ሁለት ቦይ ተገኘ። ተመላልሰው የሚያሙት መንጋጋዎች ምስጢር እዚህ ነበር፦ ሐኪሙ ሦስቱን ሲያጸዳ አራተኛው ከነተህዋሲያኑ ሳይነካ ይቀር ነበር።

ዋይን ግማሹን አገኘ። የቀረው ግማሽስ በእርግጥ አልነበረውም?

በ1990 ኩሊልድና ፒተርስ ጥያቄውን እንደገና አነሱት። 83 የላይኛው መንጋጋ ጥርሶችን በየደረጃው ፈተሹ። በተለመደው የእጅ መሣሪያ ብቻ 54.2 በመቶ በሚሆኑት አራተኛውን አገኙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እነሱ ግን የቦዩን አፍ የሸፈነውን ስስ የጥርስ አካል በትንሽ መሰርሰሪያ ጫር ጫር አደረጉና ሌላ 31.3 በመቶ ተገለጠ። ቀጥለው ጥርሱን ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ፤ ሌላ 9.6 በመቶ ብቅ አለ። ድምሩ 95 በመቶ ደረሰ። የተደበቀው ቦይ አፍ ከዋናው አፍ ያለው አማካይ ርቀት 2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

ማይክሮስኮፕ ለጥርስ ሐኪም በ1981 ቀርቦ ገዢ በማጣቱ ከገበያ ወጥቶ ነበር። በ1990ዎቹ ተመልሶ ሲመጣ ግን ሐኪሙ የጥርሱን ወለል አጉልቶ አየው። በረኪና ጠብ አድርጎ ይጠብቃል፤ ፈሳሹ የተረፈውን ሕያው ነገር ሲበላ፣ ማንም ቦይ አለ ብሎ ካልጠረጠረው ነጥብ ላይ ደቃቅ አረፋ መውጣት ይጀምራል። አሜሪካዊው ጆን ስትሮፕኮ በ1999 የስምንት ዓመት ሥራውን ሲያሳትም፣ በዚሁ በላይኛው ትልቁ (አንደኛ) መንጋጋ ላይ አራተኛውን ቦይ ያገኘው በጠቅላላው 73.2 በመቶ ነበር። ልምዱ ሲዳብር፣ ማይክሮስኮፑን ዘወትር ሲጠቀምና ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በቂ ሰዓት ሲመድብ ግን ቁጥሩ 93 በመቶ ሆነ።

ዛሬ ጥርሱን በሦስት ገጽታ የሚያሳይ ራጅ ስላለ፣ የፊትና የኋላው ጥላ መደራረብ እንደ ድሮው አያሳስትም። ስለዚህ ሩት ካናል (የሥር ቦይ ሕክምና) የተሠራለት የላይኛው መንጋጋዎ እንደገና ካመመዎ፣ ይነቀልልኝ ከማለትዎ በፊት ሐኪምዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «አራተኛው ቦይ ተፈልጎ ነበር?»