ትንፋሽ የምትቆጥረው ባለሙያ

ጎበዝ ነርስ የታማሚን ትንፋሽ ስትቆጥር ለታማሚው አትነግረውም። የእጁን አንጓ ይዛ የልብ ምት የምትለካ ትመስላለች፤ ዓይኗ ግን ደረቱ ላይ ነው። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣልና። ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ጠዋት 18 የነበረው ማታ 28 ከደረሰ፣ የደም ግፊቱ ገና ባይወርድም ሰውየው እየተዳከመ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድማ የምታየው ለቪዚት መጥቶ ከሚሄደው ሐኪም ይልቅ አጠገቡ የምታድረው ነርስ ናት። ሳይቆጠር በልማድ ቻርት ላይ የሚሰፍር «20» የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ሙያው ለረጅም ዘመን የሚታወቀው የሐኪም ትዕዛዝ በመፈጸም ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤት ስታቋቁም ለነርስነት ሥርዓትና ክብር ሰጠችው፤ ተማሪዋ ግን እዚያው ሆስፒታል እየኖረች፣ እየሠራች የምትማር ነበረች። የእኛም አጀማመር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር በሕፃናት ነርስነት ሠልጥነው ተመለሱ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም በወጣትነታቸው አረፉ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል የተሠራው ለእሳቸው መታሰቢያ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያም ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ።

በ1947 ዓ.ም የተመሠረተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ግን ሌላ ዓይነት ነርስ ይዞ መጣ። የማኅበረሰብ ነርሷ ከጤና መኮንንና ከሳኒቴሪያን ጋር በአንድ ቡድን ተመድባ ሐኪም ወደሌለበት ጤና ጣቢያ ትወርዳለች። ትዕዛዝ የሚሰጣት ሐኪም በሌለበት መወሰን ግድ ይላታል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሠልጥነው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች የሄዱት ነርሶች ራሳቸው መርምረው መድኃኒት ያስጀምሩ ነበር። በ1997 ዓ.ም የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምርም ሁሉን ለሐኪም ብቻ መተው አላዋጣም፤ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች በየጤና ጣቢያው ሥራውን ተረከቡ። ነርሷ በተግባር ወሳኝ የሆነችው ሥርዓተ ትምህርቱ ወሳኝ ብሎ ሳይጠራት በፊት ነው።

ትምህርቱ ዘግይቶም ቢሆን እየደረሰባት ነው። ዛሬ ነርስነት በዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል፤ ከዚያም በላይ በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምና ማስተርስ አለ። በዚህ ደስ ይለኛል፤ ስጋቴ ሌላ ነው። የቀድሞዋ ተማሪ ዋርድ ውስጥ ስትውል የአሁኗ በክፍልና በስኪል ላብ ብዙ ጊዜ ታሳልፋለች። ዋርድ ስትመጣም አንድ አልጋ ከብዙ ጓደኞቿ ጋር ትከባለች፤ ካኑላ ለማስገባት ተራ እስኪደርሳት ልምምዱ ያልቃል። መምህሩ ከዩኒቨርሲቲ፣ ዋርዱን የምታውቀው ሲስተር ከሆስፒታል ስለሆኑ የተማሪዋ ኃላፊነት መሃል ላይ ይቀራል። ለእያንዳንዷ ተማሪ አንዲት ልምድ ያላት ነርስ ብትመደብ፣ ለዚህም ጊዜና ክፍያ ቢታሰብላት፣ ከማንኛውም አዲስ ሕንፃ ይበልጣል።

ውሳኔ መስጠት ይፈተናል ወይ ለሚል፣ አሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተናዋን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የቀየረችው ይህንኑ ለመፈተን ነው። አዲሱ ፈተና የአንድ ታማሚን ቻርት ሰጥቶ የቱ ምልክት እንደሚያሳስብ፣ ምን እንደሚቀድም ይጠይቃል። በዋሽንግተን አካባቢ በነርስ ረዳትነት እየሠሩ ለዚህ ፈተና የሚያጠኑ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

አይታ የወሰነች ነርስ ደግሞ መናገር አለባት። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ወደ ሆስፒታል የመጣ አራት ደረጃ ያለው አነጋገር አለ፦ ምን ሆነ፣ ታሪኩ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። ሌሊት በስልክ እንዲህ ይሆናል፦ «ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው የምደውለው። አልጋ 9 ትንፋሹ 28 ገብቷል። ትናንት ነው ኦፕሬሽን የተደረገው፤ ጠዋት 18 ነበር። ኢንፌክሽን ይመስለኛል። አሁን መጥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።» ጀማሪዋ ነርስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ያለችግር ትላለች። ሦስተኛው ላይ ድምጿ ይቀንሳል፤ አራተኛውን ብዙ ጊዜ ሳትለው ስልኩ ይዘጋል።